የሥራ መልቀቂያ አዘጋጅ አገልግሎት፦ ደብዳቤው ደካማ፣ መጠይቁ ብርቱ

ከስድስት ዓመት በላይ የሠራሁበትን መሥሪያ ቤት ለመልቀቅ በወሰንኩ ጊዜ፣ አዲስ ሥራ ከማግኘት ይልቅ ከነባሩ በወግ መውጣት ይከብደኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር። የአዲሱ ሥራ ፈተናና ቃለ መጠይቅ በሦስት ሳምንት አለቀ፤ የመልቀቂያ ደብዳቤዬ ግን ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ማለፍ አቅቶት አራት ቀን ኮምፒውተሬ ላይ ቆየ። በአንድ በኩል ያስተማሩኝን ሰዎች ትቼ ስሄድ ወጪት ሰባሪ መባልን እፈራለሁ፤ በሌላ በኩል ደግሞ ባለፈው ዓመት በዕድገት ጉዳይ የደረሰብኝን ሳልናገር መውጣቱ ይከነክነኛል። በዚህ መሐል ነው አንዲት ጓደኛዬ በወርኃዊ ክፍያ የሚሠራ፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የታገዘና በአማርኛም የሚያገለግል የሥራ መልቀቂያ አዘጋጅ መኖሩን የነገረችኝ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ንብረት አስረክቤ እስከወጣሁበት ቀን ድረስ ተጠቀምኩበት። ስሙን የማልጠቅሰው ቂም ይዤ አይደለም፤ ይህን መሰል አገልግሎቶች እየበረከቱ ስለሆነና እዚህ ላይ ያየሁት ሁሉ በሌሎቹም ላይ ሊመረመር የሚገባው ስለሆነ ነው።

አገልግሎቱ አምስት ክፍሎች አሉት፦ የመነሻ መጠይቅ፣ ደብዳቤ ማዘጋጃ፣ ከአለቃ ጋር የሚደረገውን ንግግር መለማመጃ፣ የርክክብ ሰነድ ቅጽ እና ስለ መጨረሻዎቹ ቀናት የሚሰጥ ምክር። ማስታወቂያው አብዝቶ የሚያወድሰው ደብዳቤውን ነው፤ ገጹን ሲከፍቱም ጎልቶ የሚታየው ደብዳቤውን በሁለት ደቂቃ እንደሚያደርስ ቃል የሚገባው ቁልፍ ነው። እኔ ግን የከፈልኩት ገንዘብ ዋጋ አግኝቷል የምለው፣ ብዙ ሰው ዘሎት በሚያልፈው በመጠይቁ ነው።

መጠይቁ ሃያ ያህል ጥያቄዎች አሉት። የቅጥር ውሉ ለተወሰነ ጊዜ ነው ወይስ ላልተወሰነ? በውሉ የተጻፈው የቅድመ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ስንት ነው? ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድ ስንት ቀን አለ? በመሥሪያ ቤቱ ወጪ የተወሰደ ሥልጠናና ለዚያ የተፈረመ የአገልግሎት ግዴታ ይኖር ይሆን? ያልተከፈለ ብድር፣ በስም የተመዘገበ ንብረት፣ ለሌላ ሠራተኛ የተገባ ዋስትናስ? የማስጠንቀቂያ ጊዜው ላይ ስደርስ «አንድ ወር» ብዬ ልጽፍ ስል፣ ከጎኑ ያለው ማሳሰቢያ ከማስታወስ እንዳልጽፍና ውሌን አውጥቼ እንድመለከት አዘዘኝ። ከፈረምኩት ቀን ወዲህ አንብቤው የማላውቀውን ውል ከመሳቢያ ሥር ፈልጌ አወጣሁት፤ ሁለት ወር ይላል። ለአዲሱ አሠሪ ደግሞ በወር ውስጥ ሥራ እጀምራለሁ ብያለሁ። በማግስቱ ደውዬ ሁኔታውን ሳስረዳ ያለ ምንም ቅሬታ ስድስት ሳምንት ሰጡኝ፤ የቀረውን ሁለት ሳምንት ባልወሰድኩት የዓመት ፈቃድ ለማቻቻል ከአለቃዬ ጋር መነጋገር ብቻ ነበር የቀረኝ። ደብዳቤውን አስቀድሜ ልኬው ቢሆን ኖሮ ምርጫዬ ወይ ውል ማፍረስ ወይ ቃል ማጠፍ ይሆን ነበር።

ከዚያው መጠይቅ ሌላ የማደንቀው፣ የአዲሱ ሥራ ቅጥር በጽሑፍ ተረጋግጦ እንደሆነ የሚጠይቀው ነው። በቃል ብቻ መሆኑን ከጻፉ ማሽኑ ወደሚቀጥለው ክፍል ከማለፉ በፊት ቆም አድርጎ ያስጠነቅቃል፤ ይህን ማድረጉ ልክ ነው፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ እለቃለሁ ያለ ሰው ተስፋ የሰጠው አሠሪ ሐሳቡን ቢለውጥበት ወደኋላ የሚመለስበት መንገድ ጠባብ ነው። የሚያሳዝነው መጠይቁ አስገዳጅ አለመሆኑ ነው። አንድ ጥያቄ እንኳ ሳይመለስ በቀጥታ ወደ ደብዳቤው መዝለል ይቻላል።

ወደ ደብዳቤው ልምጣ። ማዘጋጃው «አጭር»፣ «ሞቅ ያለ» እና «ይፋዊ» የሚባሉ ሦስት ስልቶች ያቀርባል። ይፋዊውን መርጬ የወጣልኝ ጽሑፍ አንድ ገጽ ተኩል ነበር። የመጀመሪያው አንቀጽ ውሳኔው ምን ያህል እንደከበደኝ ያትታል፤ ሁለተኛው የቀሰምኩትን ዕውቀት ይዘረዝራል፤ ሦስተኛው የአመራሩን አርቆ አስተዋይነት ያወድሳል፣ ስለ አመራሩ አንዲት ቃል ሳልነግረው ማለት ነው። የምለቅበት ቀን ብቅ ያለው በአራተኛው አንቀጽ ነው። የመልቀቂያ ደብዳቤ በማኅደር የሚቀመጥ ሰነድ ስለሆነ፣ የሚያነበው ሰው ማወቅ የሚፈልገው ማን፣ ከየትኛው የሥራ መደብ፣ ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደሚለቅ ነው፤ ለምስጋናው አንድ ከልብ የመነጨ ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል። ምክንያት መጻፍም በአብዛኛው ግዴታ አይደለም። እኔም ያን የዕድገት ጉዳይ በደብዳቤው ውስጥ ለማስገባት ፈልጌ ነበር፤ የተውኩት ሆድ ይፍጀው ብዬ ሳይሆን፣ አቤቱታ ራሱን የቻለ አካሄድና ራሱን የቻለ ወረቀት ስለሚያስፈልገው ነው። እዚህ ላይ ግን አገልግሎቱ ጨርሶ የማያነሣው አንድ ከባድ ልዩነት አለ። በአሠሪው ጥፋት የተነሣ፣ ለምሳሌ ደመወዝ ስላልተከፈለው ወይም ክብሩ ስለተነካ ለመልቀቅ የተገደደ ሰው፣ ምክንያቱን በጽሑፍ ማስፈሩ መብቱን ሊያስጠብቅለት ስለሚችል ከመጻፉ በፊት የሕግ ባለሙያ ማማከር ይኖርበታል። ማሽኑ ግን ለሁሉም ሰው ያንኑ ለስላሳ ደብዳቤ ያወጣል።

የአማርኛው ነገር ራሱን የቻለ ትዝብት ነው። ርእሱ ላይ «ጉዳዩ፦ ከሥራ ስለመሰናበት» ብሎ ጻፈልኝ። በመሥሪያ ቤት አማርኛ የተሰናበተ ሠራተኛ ማለት አሠሪው ያሰናበተው ነው፤ በገዛ ፈቃዱ የሄደው ለቀቀ ነው የሚባለው። ከአሥር ዓመት በኋላ ማኅደሬን የሚያገላብጥ ሰው ያንን ርእስ ቢያይ ተባርሬ የወጣሁ ነው የሚመስለው። ቀጥሎ ደግሞ «ከሥራ ገበታዬ እንድለቅ እንዲፈቀድልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ» ይላል። መልቀቂያ ማሳወቂያ እንጂ ማመልከቻ አይደለም። በብዙ አገሮች የሥራ ሕግ መሠረት ተገቢውን ማስጠንቀቂያ የሰጠ ሠራተኛ ለመልቀቅ የአሠሪውን ፈቃድ አይሻም፤ «እጠይቃለሁ» ብሎ የጻፈ ሰው ግን «አልተፈቀደም» የሚለውን መልስ በራሱ እጅ ይጠራል። ይህን አጻጻፍ ማሽኑ ከየት እንደተማረው ይገባኛል፤ እኛው ለትሕትና ስንል የምንጽፈው ነው። ትሕትናው ግን «በአክብሮት አሳውቃለሁ» በሚለውም ውስጥ ሳይጎድል ይገኛል።

አለቃዬን በመጀመሪያው አንቀጽ «እርስዎ»፣ በሦስተኛው «አንተ»፣ በመዝጊያው ደግሞ «እናንተ» ብሎ ጠርቷቸዋል፤ ሴት መሆናቸውን በመጠይቁ ላይ ጽፌ ነበር። ደብዳቤውን የዘጋው «በቅንነት የእርስዎ» በሚል ከሌላ ቋንቋ የተቀዳ ሐረግ ነው፤ «ከሰላምታ ጋር» የሚለውን የሚያውቅ አይመስልም። «ግልባጭ» የሚባለው መስመር ደግሞ ከነአካቴው የለም። ይህ የመልክ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስል፤ ለሰው ኃይል አስተዳደር የሚሄደው ግልባጭና በላዩ ላይ የሚፈረመው የደረሰኝ ፊርማ ከሌለ፣ ደብዳቤው መቼ እንደቀረበ የሚያረጋግጥ ነገር አይኖርም። ለማሽኑ በአንድ ነገር ልሟገትለት፦ ቋንቋችን ራሱ «መልቀቂያ» በሚለው ቃል ሠራተኛው የሚያስገባውንም ወረቀት፣ አሠሪው ሲሸኘው የሚሰጠውንም ወረቀት ይጠራል። ስለዚህ በአንዱ ገጽ «መልቀቂያዎን ለሰው ኃይል ክፍል ያስገቡ»፣ በሌላው «መልቀቂያዎን ከሰው ኃይል ክፍል ይቀበሉ» ማለቱ አያስወቅሰውም፤ ለጀማሪ ግን ያደናግራል።

ከአማርኛው ይልቅ ጉዳት የሚያመጣው የቀን ስሌቱ ነው። የማስጠንቀቂያ ጊዜውን ክፍት ለተወ ሰው ማሽኑ በራሱ ፈቃድ ሁለት ሳምንት ብሎ ይሞላለታል። ሁለት ሳምንት በአሜሪካ የተለመደ ነው፤ እዚያም ቢሆን በአመዛኙ ልማድ እንጂ የሕግ ግዴታ አይደለም። በኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 31 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ያዛል። በብሪታንያ አንድ ወርና ከዚያ በላይ የሠራ ሰው በሕግ የሚጠበቅበት ዝቅተኛው 1 ሳምንት ሲሆን ውሉ ከዚያ የረዘመ ጊዜ ሊጠይቅ ይችላል። በጀርመን የፍትሐ ብሔር ሕግ መደበኛው 4 ሳምንት ነው፤ የሚያበቃውም ወሩ በገባ በ15ኛው ቀን ወይም በወሩ መጨረሻ ነው፤ ከዚያም በላይ በወረቀት ላይ ተጽፎ በእጅ ያልተፈረመ መልቀቂያ እንዳልተሰጠ ይቆጠራል። አገልግሎቱ ግን ከደብዳቤው ግርጌ «በኢሜይል ላክ» የሚል አረንጓዴ ቁልፍ አስቀምጧል፤ በጀርመን የሚሠራ ሰው ያንን ቁልፍ ተጭኖ ለቅቄያለሁ ብሎ ቢሄድ በሕግ ፊት ሥራውን ጥሎ እንደሄደ ሊታይ ይችላል። ሌላው ስህተት ቀኑን የሚቆጥረው ደብዳቤው ከተጻፈበት ዕለት መሆኑ ነው። ማስጠንቀቂያ የሚቆጠረው ለአሠሪው ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ ነው፤ እኔ እሑድ ማታ ጽፌ ማክሰኞ ባቀርበው ማሽኑ ያወጣልኝ የመጨረሻ ቀን በሁለት ቀን ያጥራል።

በመጨረሻ ያስገባሁት ደብዳቤ እኔው ራሴ ያሳጠርኩት የስምንት መስመር ጽሑፍ ነው። ከማሽኑ የተረፈልኝ የሥራ መደቤ ትክክለኛ መጠሪያና የመለያ ቁጥሬ ብቻ ነው ብል አላጋነንኩም።

ካልጠበቅሁት ቦታ ያስደሰተኝ መለማመጃው ነው። በጃፓን በክፍያ ሠራተኛውን ተክተው ለአሠሪው መልቀቁን የሚያሳውቁ ድርጅቶች አሉ፤ አለቃውን ፊት ለፊት ማየት ለሚያስፈራው ሰው እፎይታ እንደሚሆን አልጠራጠርም። ይህ አገልግሎት ግን ሰውየውን ከመተካት ይልቅ ያለማምደዋል። ማሽኑ አለቃ ሆኖ በድምፅ ያነጋግራል፤ ደግ፣ ቁጡ፣ ተለማማጭ ወይም ዝምተኛ አለቃ መምረጥ ይቻላል። ቁጡው የመድረክ ተዋናይ ስለመሰለኝ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ዝምተኛው ግን አሸነፈኝ። «ሥራዬን ለመልቀቅ ወስኛለሁ፤ የመጨረሻ ቀኔንም ከእርስዎ ጋር መነጋገር እፈልጋለሁ» ስለው ዝም አለ። አምስት ሰከንድ፣ አሥር ሰከንድ። ዝምታውን መሸከም ቢያቅተኝ የአዲሱን አሠሪ ስም፣ የደመወዙን ልዩነት፣ በመጨረሻም ያንን የዕድገት ጉዳይ ማንም ሳይጠይቀኝ ዘረገፍኩት። ልምምዱ ሲያበቃ የወጣው አስተያየት አለቃው አንድም ጥያቄ እንዳልጠየቀኝ የሚያስታውስ ነበር። አራት ጊዜ ደጋገምኩት፤ በአራተኛው ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናግሬ አፌን መግጠም ቻልኩ።

እውነተኛው ንግግር ማክሰኞ ጠዋት ነበር። አለቃዬ ሰምተውኝ ሲያበቁ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩና ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ። በቁጥር ስንት ሰከንድ እንደነበር አላውቅም፤ ከማሽኑ እንደሚረዝም ግን አልጠራጠርም።

«መቼ ነው የመጨረሻ ቀንሽ?» አሉኝ። ስለ ሁለቱ ወርና ስለ ዓመት ፈቃዱ ነገርኳቸው።

«ወዴት እንደምትሄጂስ ልጠይቅሽ?»

«ሲረጋጋ እኔው ራሴ እነግርዎታለሁ» አልኳቸው። ፈገግ ብለው ደብዳቤውን ተቀበሉኝ።

እዚህ ላይ ግን አገልግሎቱን አጥብቄ የምወቅስበት ነገር አለ፤ ክፍሎቹን በቅደም ተከተል የሚሠራ ሰው ደብዳቤውን በሁለተኛው ክፍል ልኮ ነው ወደ መለማመጃው የሚደርሰው። አለቃ ነገሩን ከሰው ኃይል ክፍል ወይም ከመልእክት ሳጥኑ እንዲሰማ ማድረግ፣ የቱንም ያህል ያማረ ደብዳቤ ቢጻፍ የማይጠገን ቅያሜ ይፈጥራል። መጀመሪያ ለቅርብ አለቃ በቃል፣ በዚያው ዕለት በጽሑፍ፣ ከዚያ በኋላ ነው ለሥራ ባልደረቦች መናገር የሚገባው። ሁለቱን ክፍሎች ማቀያየር ለሠሪዎቹ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

አሠሪው ደመወዝ ልጨምርልሽና ቅሪ ቢል ምን እንደሚደረግ የሚያወሳው ገጽ «ፈጽሞ አይቀበሉ» የሚል ነው፤ ምንጩን ሳይጠቅስም ተቀብለው የቀሩ ሰዎች ስንት በመቶ ያህሉ እንደሚጸጸቱ ይናገራል። እንዲህ ያለ ቁርጥ ፍርድ አይጥመኝም። ለመልቀቅ ያነሣሣው ደመወዙ ብቻ ከሆነና ጭማሪው በፊርማ ከተረጋገጠ መቅረት የሚያሳፍር አይደለም። የሚያሳፍረው ለአዲሱ አሠሪ ፈርሞ ሲያበቁ መቅረት ነው፣ ወይም የማይሄዱበትን ቦታ ማስፈራሪያ ማድረግ።

የርክክብ ሰነዱ ቅጽ ከመጠይቁ ቀጥሎ የምመርጠው ክፍል ነው። በእጅ ያሉ ሥራዎችን በሦስት ይከፍላቸዋል፦ ከመውጣቴ በፊት የማልቃቸው፣ በጅምር የማስረክባቸውና ገና ያልተጀመሩ። ለእያንዳንዱ ፋይሉ የት እንደሚገኝ፣ ከውጭ የሚነጋገሩት ሰው ማን እንደሆነ፣ ቀነ ገደቡ መቼ እንደሆነና በቃል ብቻ የተደረሰ ስምምነት ካለ ምን እንደሆነ ይጠይቃል። ይህ የመጨረሻው ዓምድ ያሰበው ሰው በእርግጥ ርክክብ አድርጎ የሚያውቅ ሰው ነው። ከእኔ ሥራዎች መካከል ከአንድ አቅራቢ ጋር በስልክ የተስማማነው የማስረከቢያ ቀን በየትም አልተጻፈም ነበር፤ ቅጹ ባይጠይቀኝ ኖሮ ከእኔ ጋር ይወጣ ነበር፣ ተተኪዬም ምክንያቱን በማታውቀው ጉዳይ ስትወቀስ ትከርም ነበር። ሰነዱን በሁለተኛው ሳምንት ጀምሬ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ሞላሁት፤ አሥራ አንድ ገጽ ሆነ።

ነገር ግን ከዚሁ ቅጽ መካከል «የይለፍ ቃል» የሚል ዓምድ ተሰክቷል። ከእጅ ወደ እጅና ከኢሜይል ወደ ኢሜይል በሚዘዋወር ሰነድ ላይ የይለፍ ቃል በግልጽ መጻፍ ለአሠሪውም ለለቃቂውም አደጋ ነው፤ ነገ አንድ ፋይል ቢጠፋ የሚጠየቀው ቃሉን የጻፈው ነው። የመግቢያ ፈቃዶችን ማዛወር የኮምፒውተር ክፍሉ ሥራ ሲሆን፣ ሠራተኛው ማስረከብ ያለበት የየትኞቹ ሥርዓቶች ተጠቃሚ እንደነበረ የሚገልጽ ዝርዝር ብቻ ነው። ዓምዱን ሰርዤ ተጠቀምኩበት። በተቃራኒው፣ ንግግሩ ከመደረጉ በፊት ከመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ የግል ፎቶዎችንና ሰነዶችን አውጥቶ መጨረስ እንደሚገባ፣ የመሥሪያ ቤቱን ፋይል ግን መቅዳት እንደማይገባ ያሳሰበበት አንቀጽ ትክክለኛ ነው፤ መልቀቂያ በቀረበበት ዕለት የኮምፒውተር መግቢያን የሚዘጉ አሠሪዎች አሉና።

ስለ መጨረሻዎቹ ቀናት የሚሰጠው ምክር ለጋ ነው። በመውጫ ቃለ መጠይቅ ላይ «እውነቱን በሙሉ ይናገሩ» ይላል፤ እኔ የተናገርኩት ሊታረም የሚችለውን፣ ማለትም የዕድገት መስፈርቱ በጽሑፍ ለሠራተኛው አለመገለጹን ብቻ ነው፤ ጸሐፊው ሲመዘግበው አይቻለሁ። ስለ ክሊራንስ፣ ስለ ቀሪ ክፍያዎችና ስለ ሥራ ልምድ ማስረጃ ሦስት መስመር ብቻ ነው ያለው፣ ማስረጃውን ከመውጣት በፊት መጠየቅ ከወጡ በኋላ ከመመላለስ እንደሚቀል እንኳ አይናገርም።

የቀረው የራሱ የአገልግሎቱ አያያዝ ነው። መጠይቁ የአሠሪውን ስም፣ የደመወዝ መጠንና የሚለቁበትን ቀን ይሰበስባል፤ ይህ ሁሉ የት እንደሚቀመጥና መቼ እንደሚሰረዝ የሚገልጸው ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ብቻ የቀረበ ነው። የአሠሪውን ስም በሌላ ቃል መተካት ይቻላል፤ እኔ ያንን አድርጌያለሁ፣ ሌላውም ሰው እንዲያደርግ እመክራለሁ።

ሥራዬን ለቅቄ ከወጣሁ በኋላ አገልግሎቱንም ለማቋረጥ ሞከርኩ። የማቋረጫው ቁልፍ ከአራተኛው ገጽ ግርጌ ተደብቋል። ስደርስበት ለምን እንደምሄድ ጠየቀኝ፤ «ሥራዬን ጨርሻለሁ» የሚል አማራጭ በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ቀጥሎ ለሦስት ወር በግማሽ ዋጋ እንድቆይ አግባባኝ፤ ያው ራሱ «ፈጽሞ አይቀበሉ» ያለኝ ዓይነት ማግባቢያ ማለት ነው። ሁለት ጊዜ ሞክሬ ክፍያው አለመቋረጡን ሳይ ለደንበኞች አገልግሎት ክፍላቸው ጻፍኩ፦ ጉዳዩ፣ ደንበኝነት ስለማቋረጥ፤ ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደሆነ፤ አንድ የምስጋና ዓረፍተ ነገር ስለ መጠይቁና ስለ ዝምተኛው አለቃ፤ ከሰላምታ ጋር። መልሱ በዘጠነኛው ቀን ደረሰኝ። «ጥያቄዎ ተመርምሮ ተፈቅዶልዎታል» ይላል።